ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ

«መልሺው!» አለ አባቷ፣ ገና ከበሩ ሳትገባ።

ልጅቱ ትልቁን ካርቶን በሁለት እጇ እንዳቀፈች አንድ እግሯ ቤት፣ አንድ እግሯ ደጅ ቀረ። ክንዷ ዝሏል። ታክሲ ውስጥ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ጉልበት አስቸግራ ያመጣችው ዕቃ ነው።

«ምኑን?»

«ያቀፍሽውን ነዋ! እኔ በሕይወት እያለሁ እዚህ ቤት አይገባም። ስንት ጊዜ ልናገር?»

«አባዬ፣ ለእማዬ እኮ ነው።»

«ለእማዬ! እማዬ ደግሞ ምን ጎደለባት? ያለው ምን ሆነ?»

«ያለውማ ተሰንጥቋል። ፊቷን ለሁለት ገምሶ ነው የሚያሳያት።»

«ማን ነው የተሰነጠቀው? እኔ ትናንት ዜና የሰማሁበት?»

ልጅቱ አባቷን ትክ ብላ አየችው። አባቷ ብዙ ጉድ ቢያሳያትም በመስታወት ዜና ሰምቶ ግን አያውቅም።

«የቁም ሳጥኑን መስታወት ነው የምልህ» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ስለ ምንድን ነው የምታወራው?»

አባትየው ጣቱን ወደ ካርቶኑ ቀሰረ። ካርቶኑ ላይ ቀጭን ጥቁር ፍላት ቴሌቪዥን ታትሟል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ባሕር። ልጅቱ መስታወቱ መንገድ ላይ እንዳይሰበርባት፣ ከምትሠራበት ፋርማሲ አጠገብ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባዶ ካርቶን ለምና ነው የከተተችው። አሁን ነገሩ ገባት። ከመንገዱ ማዶ የሚቀመጠው ጫማ ሰሪ እሷን ሲያይ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ «ዶክተር! ፍላት ገባልህ! እንኳን ደስ ያለህ!» ብሎ ወደ ቤቱ ሲጮህ ሰምታዋለች። እንደ ልማዱ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ ብላለት አልፋ ነበር።

ዶክተር የሚባለው አባቷ ነው። ሐኪም አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሞተ ቴሌቪዥን ሲያስነሣ ስለኖረ ሠፈሩ ያወጣለት ስም ነው።

ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስተኝታ ከፈተችው። አባትየው ጎንበስ ብሎ ሲያይ በቁጣ የተገተረ የራሱን አንገት ከታች አየ።

«አሃ» አለ። «መስታወት ነው እንዴ? ጥሩ ነው። እዚያ ግድግዳው ጋ አስደግፊው፤ ኋላ እሰቅለዋለሁ።»

ይኸው ነው። ይቅርታ የለ፣ ደህና መጣሽ የለ። ተመልሶ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ገባ። ልጅቱን ያበገናት ይሄ ነው። ሰው ያለጥፋቱ ተሰድቦ፣ የሰደበው ሰው «ጥሩ ነው» ብሎት ሲሄድ ምን ይባላል?

«ፍላት ቢሆንስ ኖሮ?» አለች፣ መስታወቱን ከመቀመጫው ኋላ ካለው ግድግዳ እያስደገፈች።

«መልሺው እል ነበር።»

«እኔ በገዛ ደሞዜ ብገዛውም?»

«በአክስትሽ ደሞዝ ብትገዢውም። ቃል ቃል ነው። እጄን እንቢ ያለ ቀን ትገዛላችሁ ብያለሁ። እንቢ አላለኝም።»

ቃሉን የሰጠው ከአምስት ዓመት በፊት፣ ልጅቱ ሥራ በያዘችበት ወር ነው። የዚያን ጊዜ «ፍላት ልግዛላችሁ» ብላ ስትጠይቅ፣ አባቷ ጀርባው እንደ ጎባጣ ሽማግሌ የወጣውን ቴሌቪዥን መታ መታ አድርጎ፣ «ይሄ እኔ ጠግኜው አልሠራም ያለ ቀን፣ ያን ቀን ግዢ» አላት። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ሦስት ጊዜ ሞቷል። አንዴ መብረቅ መታው፤ አንዴ ጭስ አወጣ፤ አንዴ ማንም ሳይነካው ድርግም ብሎ ቀረ። ሦስቱንም ጊዜ ልጅቱ በልቧ ተመስገን ብላለች። ሦስቱንም ጊዜ አባቷ አስነሥቶታል። ጫማ ሰሪው እንኳ፣ «ዶክተር፣ ለዚህ ቴሌቪዥን የሰጠኸውን ዕድሜ ለኔም ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?» ብሎታል።

እልሁ ከየት እንደሚመጣ አልጠፋትም። የጥገና ሱቁ ውስጥ ማንም ሊወስዳቸው የማይመለስ ዘጠኝ ቴሌቪዥኖች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። ዶክተሩ ራሱ ቤት ፍላት ገባ ማለት፣ የዶክተሩ ሙያ ተቀበረ ማለት ነው። ይሄን ታውቃለች። ማወቋ ግን ንዴቷን አላበረደላትም። የእሱ ሙያ እንዳይቀበር እናቷ ስንት ዓመት ጨለማ ላይ ታፍጥ?

እናትየው እጇን እየጠረገች ከማድ ቤት ወጣች። የልጇን አገጭ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችና፣ አፍ አፏን እያየች፣ «ከስተሻል» አለች።

ልጅቱ እስከምታስታውሰው ድረስ እናቷ ሰው ሲያወራ የምታየው አፉን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ክር ፋብሪካ ሠርታለች። እዚያ የማሽኑ ጩኸት ጎን ለጎን የቆሙትን እንኳ ስለማያደማምጥ ሴቶቹ የሚያወሩት በከንፈር ነበር። ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልማዱ አልለቀቃትም ብለው ቤተሰቡ ይስቁባት ነበር።

ስልክ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። ልጅቱ ብቻዋን ቤት ከተከራየች ወዲህ ስትደውል እናቷ፣ «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ነኝ፣ አባትሽን ላገናኝሽ» ብላ ስልኩን ታቀብላለች። «እማዬ፣ ዛሬ አሞኛል» ብትላትም «እሺ፣ እሺ» ነው። ልጅቱ ጥላት በመውጣቷ እናቷ የተቀየመች መስሏት ሁለት ዓመት ሙሉ ነገሩ ሆዷን ሲበላት ኖሯል። መስታወቱም ለዚያ ነበር። ይቅር በይኝ ማለት ስላልቻለች መስታወት ገዛች።

«ወይ ልጄ! ለኔ ነው?» አለች እናቷ መስታወቱን አይታ። ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች። «አርጅቻለሁ እንዴ እንዲህ?»

ልጅቱ ግድግዳውን ለመለካት መኝታ ቤት ገባች። ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን የእናቷን ካፖርት ስታነሣ ከኪሱ አንድ ጥቅል ወደቀ። በላስቲክ የታሰረ ብጥስጣሽ ወረቀት። ፈታ አየችው። የባንክ የወረፋ ቁጥር ነው፤ አርባ ሦስት፣ አስራ ሰባት፣ ስድሳ፣ ሰባ ሁለት። ቀኖቹን አየች። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ቁጥር።

እናቷ ባንክ የምትሄደው በወር አንድ ጊዜ፣ ጡረታዋን ለመቀበል ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? በዚህ ቤት ለካ የማይነገራት ብዙ ነው። ጥቅሉን ኪሷ ከታ፣ ጥርሷን ነክሳ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

አባትየው ቴሌቪዥኑን ከነጠረጴዛው ከግድግዳው ስቦ የጀርባ ክዳኑን ፈትቷል። ከታች የምስሉ ጠርዝ እንደ ቀሚስ ጫፍ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ከሥሩ አራት ጣት የሚያህል ጥቁር ነገር ቀርቷል። ሰዎቹ ሁሉ ጉልበት የላቸውም። ፊታቸው የባጀ ሎሚ መስሏል።

ለሚስቱ በእጁ፣ ነይ ተቀመጪ፣ አላት። እሷም ዱካዋን ስባ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ወደ ጎን ብላ ተቀመጠች። መስታወቱ ከጀርባዋ ነው።

ሌላው ጠጋኝ ከኋላ ሲሠራ ምስሉን የሚያየው ፊት ለፊት መስታወት አቁሞ ነው። ዶክተሩ ግን አንድም ቀን መስታወት አቁሞ አያውቅም። «መስታወት ቀኙን ግራ ያደርጋል። እኔ ሰው አለኝ» እያለ ሲኮራበት ኖሯል። የመጀመሪያዋ ሰው ሚስቱ ነበረች። ቀጥሎ ልጅቱ፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ። እሱ ከኋላ «ምን ይታያል?» ይላል፤ እሷ ከፊት «ወደ ግራ ዘሟል፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ አሁን ቀና» ትላለች። «ጠርቷል» ስትል ክዳኑ ይገጠማል። ያን ቃል ለመናገር ስትል ጨዋታዋን ትታ ትሮጥ ነበር።

«ምን ይታያል?» አለ አባትየው ከጀርባ።

«ጠርቷል» አለች እናትየው።

ምኑ ነው የጠራው? ሎሚዎቹ እንዳሉ ናቸው። ልጅቱ እናቷን ከጎን አየቻት፤ ደሟ ፈላ። ለካ እሱን ብቻ አይደለም መቆጣት። ጠርቷል እያለች በሐሰት የምታጽናናው እሷ ናት፤ እሷ ናት እንዲህ ያሞላቀቀችው! ዓይኗ እያየ!

አባትየው አንድ ሽቦ ነቀለ። ምስሉ ከላይም ከታችም ተሰብስቦ መሐል ላይ አንዲት ነጭ መስመር ሆነ። ሌላው ሁሉ ጨለማ። ድምፁ ብቻ ማውራቱን ቀጠለ።

«አሁንስ?»

እናትየው አንገቷን ወደ ጎን አዘመመች። እሱ ከኋላ ሲነካካ የሚወዛወዘውን የቴሌቪዥኑን ገመድ ታያለች። ገመዱ መወዛወዙን ሲያቆም፣ «ጠርቷል» አለች።

አባትየው ፒንሳውን ሊያነሣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ቀና አለ። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የተደገፈው መስታወት ተቀበለው። በመስታወቱ ውስጥ የራሱን ቴሌቪዥን ከነፊቱ አየው፤ ጨለማ፣ አንዲት ነጭ መስመር፣ ከፊቱ ደግሞ የሚስቱ ጀርባ።

ጎንበስ አለ። «ምን ይታያል?» አለ እንደገና፣ አሁን በጣም ቀስ ብሎ።

ዝም።

«ምን ይታያል ነው የምልሽ!» ቤቱ ተናጋ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንጫጫ። እናትየው ዓይኗን ከገመዱ አልነቀለችም። ገመዱ ዝም ብሏል። «ጠርቷል፤ በቃ ግጠመው» አለች።

አባትየው ፒንሳውን ወርውሮ ወጣ። «ታሾፊብኛለሽ? እንደ ሕፃን ነው የምትጫወቺብኝ? ስንት ዓመት ነው እንዲህ ስትስቂብኝ የኖርሽው?»

እናትየው ደንግጣ አፉን አየች። «ምን አደረግኩ?»

ልጅቱ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ፋርማሲው ውስጥ ከመስኮቱ ወዲያ የሚቆሙ ሰዎች ትዝ አሏት። የምትነግራቸውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» የሚሉ። እንደነዚያ ያለ ሰው ሲገጥማት መድኃኒቱን ወዲያው አትሰጥም፤ «በቀን ስንቴ ነው የሚወስዱት? እስቲ ይድገሙልኝ» ትላለች። ግማሾቹ አንዲት ቃል አልሰሙም። በቀን አሥር ሰው እንዲህ ትይዛለች። በሥራዋ ጎበዝ ናት፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

በእናቷ ጀርባ ዞራ ቆመች። «እማዬ» አለች በልኩ ድምፅ። «ምድጃው ላይ የጣድሽው እያረረ ነው።»

እናትየው ባሏን እንደምታይ ቀረች።

«እማዬ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው።»

አባትየው ልጁን አየ። ከዚያ ሚስቱን። የተከፈተ አፉ ሳይዘጋ ቀረ።

«ምንድን ነው?» አለች እናትየው የባሏን ዓይን ተከትላ እየዞረች። የልጇን ፊት ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ነቅተውባታል።

ሁለቱም አንድ ላይ ጀመሩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን አልነገርሽንም? ሐኪም አይተሻል? ስልክ ላይ እኮ…» «እኔ ባልሽ አይደለሁም? ሰው እንዴት…»

«አንድ አንድ እያላችሁ!» ብላ ጮኸች እናትየው፣ ብድግ ብላ። በዚያ ቤት እንዲህ ስትጮህ የሰማት የለም። «ሁለታችሁንም ባንድ ጊዜ ማየት አልችልም!»

አባትየው ፊት ለፊቷ መጥቶ ቆመ።

«አዎ፣ አልሰማም» አለች። «ፋብሪካ እያለሁ ነው የጀመረው። ጡረታ ስወጣ፣ ጩኸቱ ሲርቅ፣ ይሻላል ብዬ ነበር። ጸጥታው ገባና ቀረ። ፊት ለፊት ስታወሩኝ አልቸገርም። እሱ እዚያ ኋላ ገብቶ ሲጠራኝ ግን ምን ልበለው? ገመዱ ሲቆም ጨርሷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጠርቷል እላለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ባሏ።

«ነግሬህ ምን ልታደርገኝ? ጀርባዬን ፈትተህ ልትጠግነኝ?»

ልጅቱ ጥቅሉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይሄስ?»

እናትየው ወረቀቶቹን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረች። ከዚያ እፍረቱ ተናደባትና ሌላ ቁጣ ሆነ።

«ባንኩ ውስጥ ፍላት አለ» አለች። «ትልቅ። ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባል። ዜናውም፣ ተከታታይ ፊልሙም። ቁጥር ቆርጬ እቀመጣለሁ። ቁጥሬ ሲደርስ ተነሥቼ ሌላ ቁጥር እቆርጣለሁ። ዘበኛው መጀመሪያ ላይ ሊያስወጣኝ ነበር፤ አሁን ወንበር ይይዝልኛል። እዚህ ቤት ሰው ምን እንዳለ የማላውቅ እንጨት ነኝ። እዚያ ሁሉንም አውቃለሁ። ማን እንደሞተ፣ የት ጎርፍ እንደገባ፣ ሁሉንም።»

«የቴሌቪዥን ሰሪ ሚስት» አለ አባትየው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጣለ፣ «ቴሌቪዥን ለማየት ባንክ ቤት ትሰለፋለች! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውንማ አልሰማም፤ ተመስገን።»

ልጅቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እሠራዋለሁ» አለ አባትየው። ፒንሳውን ከወለሉ አነሣ። «ጽሑፍ ነው የፈለግሽው? አሁኑኑ ጽሑፉን አወጣልሻለሁ። እጄ እያለ ባንክ ቤት!»

«አባዬ፣ ተወው…»

«ዝም በይ አንቺ!»

መስታወቱን ራሱ አንሥቶ፣ ዱካው ላይ ቀጥ አድርጎ ከቴሌቪዥኑ ፊት አቆመው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ጀርባው ገባ። ብየዳው ጨሰ። አንድ ዕቃ ነቅሎ ጣለ፣ ከሱቁ ሬሳዎች የአንዱን አምጥቶ ተካ። ማንንም ምን ይታያል አላለም። ልጅቱ ጥጉ ላይ ቆማ አባቷ በመስታወት ሲሠራ ታያለች፤ ቀኙ ግራ እየሆነበት፣ እየተሳሳተ፣ እያጉረመረመ። ወደ ፊት ሄዳ «ትንሽ ወደ ላይ» ልትለው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። አላለችውም። ይሳሳት። እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስታለች፤ ማን ረዳት? ደግሞ ይሄን ባሰበች ጊዜ በራሷ ይበልጥ ተናደደች። የማታውቀውን ሰው ሁሉ «እስቲ ይድገሙልኝ» የምትል ሴት፣ የእናቷን «እሺ፣ እሺ» ቂም ነው ብላ አለፈችው።

በዚህ መሐል ጫማ ሰሪው አንገቱን በበሩ አስገባ።

«የታለ ፍላቱ?» አለ። ዱካው ላይ ከቆመው መስታወት ፊት ሄዶ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። «አቤት ጥራት! ቁርጥ እኔን የመሰለ መልከ መልካም ነው የሚያሳየው!»

ማንም አልሳቀም። ጫማ ሰሪው የሦስቱንም ፊት ተራ በተራ አየ።

«ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ይምጡ» አለች ልጅቱ።

«መጥቼም አላውቅ» አለና ኮቴው ሳይሰማ ወጣ።

ከሰዓት በኋላው እየገፋ፣ የመስኮቱ ብርሃን ከወለሉ ወደ ግድግዳው ሲወጣ፣ አባትየው ክዳኑን ገጠመ። ላቡን ጠረገ። መስታወቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ «እዪ!» አለ ለሚስቱ፣ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ።

ሠርቶታል። ልጅቱ መካድ አልቻለችም። እጥፋቱ ተዘርግቷል፣ ጥቁሩ ጠፍቷል፣ ሰዎቹ ጉልበትም ጤናማ ፊትም አግኝተዋል። እጁን እንቢ አላለውም። ቃል ቃል ነው፣ ዛሬም አይገዛም ማለት ነው።

እናትየው ምስሉን አየች። ከዚያ ዱካዋን ለባሏ ገፋችለት።

«አንተ ተቀመጥ።»

«እኔ ምን…»

«ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ካየው ስንት ዘመኑ ነው። ዜና እንኳ የሚሰማው ጋደም ብሎ፣ ክንዱን ዓይኑ ላይ ጥሎ ነው። የሰው ሥራ ፊቱን ማየት፣ የኔ ሥራ ጀርባውን ማየት ይል ነበር።

«ድምፁን አጥፊው» አለች እናትየው ለልጇ።

ልጅቱ ሪሞቱን ተጫነች። ቤቱ ጸጥ አለ። ዜና ላይ ናቸው። አንዲት ሴት አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከኋላዋ ሰዎች ይሮጣሉ፤ አንድ ግንብ ፈርሷል፤ አንድ ሰው ራሱን ይዞ ያለቅሳል።

«የት ነው?» አለች እናትየው።

«እንጃ።»

«ስንት ሰው ሞተ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ድምፁ…»

«ከታች ተጽፏል። አንብበው።»

አባትየው ወደ ፊት አዘነበለ። ከታች ጽሑፍ ያልፋል። ግን ፊደሎቹ ከወገባቸው በታች የሉም፤ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ቆርጧቸዋል። ግራና ቀኙም ክብ ስለሆነ ዐረፍተ ነገሩ ራስም ጭራም የለው። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ተንበረከከ። አፍንጫው የቴሌቪዥኑን መስታወት ሊነካ ደረሰ።

«አንብበው እንጂ» አለች። ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሏል፤ ልጅቱን ከጩኸቱ ይልቅ ይሄ አስፈራት። «ከመነሻው አንብብልኝ። ስንት ሰው ነው?»

«… ሺህ» አለ። «የስንት ሺህ እንደሆነ… ከፊቱ ያለው አይታይም።»

«እኔም እንደዚህ ነው የምኖረው። ሺህ ነው፤ የምኑ ሺህ እንደሆነ እንጃ።»

አባትየው እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፣ እንደ ልማዱ ካቻቢቴውን ሊፈልግ። «ትንሽ ባጠበው… ከኋላ ትንሽ ባጠበው…» ብሎ እጁን መለሰ። ያውቃል። ቢያጠበው ጽሑፉ ይገባል፤ ግን እንደ ጉንዳን ያንሳል። ጽሑፉን የጻፉት ሰዎች ለሰፊ ፍላት ነው የጻፉት፤ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን ረስተውታል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ብልሽት ቢሆን ይጠግነው ነበር።

«የኔ ጥፋት አይደለም» አለ፣ ወደ ሚስቱ ዞሮ። ዓይኑ ቀልቷል። «ይሠራል። በደንብ ይሠራል።»

«ይሠራል» አለች። «መች አልሠራም አልኩ? ሲሞት እንቀይራለን ስትል አምስት ዓመት ጠበቅኩ። አይሞትም፤ አንተ እያለህ አይሞትም። እኔ ነኝ ቀድሜ የምሞተው። ስለዚህ እየሠራ ነው የምንቀይረው። በሚቀጥለው ዓመት አይደለም። ሰኞ።»

«ቃሌስ?»

«ቃልህን ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆነኝ።»

አባትየው ከተንበረከከበት ልጁን ቀና ብሎ አየ፤ እንደ ድሮው፣ ከፊት የቆመ ሰው የሚያየውን እንዲነግረው።

ልጅቱ «ጠርቷል» አላለችም። «አይነበብም፣ አባዬ» አለች።

አባትየው ተነሣ። ሶኬቱን ነቀለ። ረጅሙን ካቻቢቴ አምጥቶ ክዳኑን እንደገና ፈታና፣ ምስል በሚያወጣው ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ አወረደው። ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ይሄን የሚያደርገው ተመልሶ በዚያ ቀን የማይበራን ቴሌቪዥን ነው። ሚስቱ ድምፁን አልሰማችም፤ ብልጭታውን ግን አይታለች።

ብቻውን አቅፎት ወጣ። ልጅቱ ላግዝህ ስትለው ትከሻውን ነጠቃት። ጫማ ሰሪው ከማዶ አየው፤ በዚያን ቀን አልቀለደም፤ ተነሥቶ የሱቁን በር ከፈተለት።

ሰኞ ልጅቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሦስቱም አብረው ሄዱ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ውስጥ እናትየው ሻጩን የሁሉንም ድምፅ አስጠፋችውና፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ከታች ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች። አራተኛውን መረጠች። አባትየው የመረጠችውን አንሥቶ ጀርባውን አየ፤ ተሸክሞት ወጣ። ረቡዕ ዕለት ልጅቱ እናቷን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። አባትየውም ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው ሄደ።